ገብሱን የመታው በረዶ በእንግሊዝኛ ማን ይባላል?

ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች፣

በደብረ ብርሃንም፣ በመሐል ሜዳም፣ በአረርቲም እንግሊዝኛ የምታጠኑ ልጆች፣ «የሚያምታቱ ቃላት» የሚል ዝርዝር በየስልካችሁ አይጠፋም። «አፌክት» እና «ኢፌክት»፣ «ሉዝ» እና «ሉስ» እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ አይከፋም፤ ግን በአብዛኛው የተሰናዳው በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ነው። የእሱ ጣጣ የፊደል አጻጻፍ ነው። የእናንተ ግን ሌላ ነው፦ አንድ የአማርኛ ቃል ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃል ጠቅልሎ ይይዝና፣ ከውስጡ መጀመሪያ ትዝ ያላችሁን ታወጣላችሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን ከአማርኛው ወገን ጀምሩት።

በረዶን እንውሰድ። «በረዶ ገብሱን መታው» ለማለት «ስኖው» ብላችሁ ብትጽፉ፣ የውጭው አንባቢ የመንዝ ማሳ ነጭ ለብሶ ይታየዋል። «ስኖው» እንደ ባዘቶ ሳስቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው ነው። በክረምት ከነጎድጓድ ጋር እንደ ሽምብራ ጠጥሮ ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ አገዳ የሚሰብረው «ሄይል» ይባላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋው ውሃ ደግሞ «አይስ» ነው። ውርጭን ከእነዚህ አትደባልቁ፤ እሱ «ፍሮስት» ነው፣ ከሰማይም አይወርድም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን አጥተው ከ0 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዙ፣ በአየሩ ያለው እርጥበት እዚያው ላያቸው ላይ ይጋገራል። ግብርና የምታጠኑ በተለይ ልብ በሉ፦ «ሄይል» አካል ይሰብራል፣ «ፍሮስት» ግን አበባና ያልጠና ፍሬ ያቃጥላል። በሪፖርታችሁ አንዱን በሌላው ብትተኩ፣ አንባቢው የጉዳቱን ወራትም ዓይነትም ይስታል።

ከብርዱ ሳንወጣ፦ «አይ አም ኮልድ» በረደኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ጉንፋን ይዞኛል ነው። ሐኪም ቤት ስትገቡ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጸጉርም እንደ በረዶ ነው። ባና የሚሠራበት የበግ ጸጉር «ዉል»፣ የድመት «ፈር»፣ የሰው «ሄር» ይባላል። የፍየሉ ጸጉር እንኳ «ሄር» ነው እንጂ «ዉል» አይባልም። ራስ ላይ ያለው ጸጉር በሙሉ አይቆጠርም፤ «ማይ ሄርስ» ማለት ስህተት ነው። «ኤ ሄር» ካላችሁ አንዲት ዘለላ ማለታችሁ ነው፤ ወጥ ውስጥ የተገኘችው ዓይነት።

ቀጥሎ ከጣሊያን ወርሰን እንግሊዝኛ የሚመስሉን ቃላት አሉ። ፋብሪካ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግሊዝኛው «ፋክተሪ» ነው፤ «ፋብሪክ» ግን ጨርቅ ማለት ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው «ብላንኬት ፋብሪክ» ውስጥ ነው የምሠራው ካለ፣ በብርድ ልብሱ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል ማለት ነው። ቤንዚንም እንደዚያው፦ እንግሊዞች «ፔትሮል»፣ አሜሪካኖች «ጋዝ» ይሉታል። ኬሚስትሪ ላይ የምታገኙት «ቤንዚን» ነዳጁ ራሱ ሳይሆን አንድ የተወሰነ መርዛማ ኬሚካል ነው። የእኛ ነጭ ጋዝ ደግሞ «ኬሮሲን» ነው። አሜሪካዊ «ጋዝ» ሲላችሁ ነጭ ጋዝ እንዳታቀርቡለት።

ሰዓት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል» እና «መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የጠዋቱ መነሻ «ኤይት ኦክሎክ»፣ ቆይታው «ቱ አወርስ» ይሆናል። የመጀመሪያው ላይ ቁጥሩም ይለወጣል፣ ቆጠራችን ስድስት ሰዓት ስለሚለያይ፤ ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ አይነካም። «ኦክሎክ» ለድፍን ሰዓት ብቻ ነው፤ ተኩል ወይም ሩብ ካለ ይጣላል። ክንድ ላይ የሚታሰረው «ዎች»፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው «ክሎክ» ነው። «ጊዜ የለኝም» ስትሉ ደግሞ «ታይም»፣ ያለ ቁጥርና ያለ ብዙ ቁጥር ምልክት።

ከግሶች ውስጥ ክፉው «አስታወሰ» ነው። በአማርኛ ራሴም አስታውሳለሁ፣ ሌላውንም አስታውሰዋለሁ። እንግሊዝኛ ይለያል፦ ነገሩ ከራስ ጭንቅላት ከመጣ «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር ካመጣው «ሪማይንድ»። «ነገ እንድደውል አስታውሰኝ» ማለት «ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል» ነው። «ሪሜምበር ሚ» ካላችሁ ግን የስንብት ቃል ይመስላል፤ ከሄድኩ በኋላ አትርሱኝ እንደማለት።

መበደርና መዋስ ላይ አማርኛችን ይረቅቃል። ብርና ጤፍ እንበደራለን፣ የምንመልሰው ምትኩን ነውና፤ ምጣድና መጽሐፍ እንዋሳለን፣ የምንመልሰው ያንኑ ዕቃ ነውና። እንግሊዝኛ ይህን አይለይም፤ ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል። እሱ የሚጠይቀው ሰጪው ማነው፣ ተቀባዩ ማነው የሚለውን ነው። እኛ በ«ተ» እና በ«አ» የምንለየውን (ተዋሰ፣ አዋሰ) እሱ ሌላ ቃል ያመጣበታል፦ ተቀባይ «ቦሮው»፣ ሰጪ «ሌንድ»። «ካን ዩ ቦሮው ሚ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። መስተዋድዱ ያድናችኋል፤ «ቦሮው» ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ሌንድ» ከ«ቱ» ጋር ይሄዳል። ቤት ኪራይ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ተከራይም አከራይም «ሬንት» ነው የሚሉት። እንዳያሻማ ከፈለጋችሁ ለአከራዩ «ሬንት አውት» በሉ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የምትፈልጉ፣ «ደህንነት» የሚለውን ቃል አስቡበት። ጆሯችሁ ልዩነቱን ያውቀዋል፦ ሴፍቲ ጫማ ትላላችሁ፣ በር ላይ የሚፈትሸውን ደግሞ ሴኩሪቲ ትሉታላችሁ። «ሴፍቲ» ማንም ሳያስብ ከሚደርስ አደጋ መጠበቅ ነው፤ ከእሳት፣ ከመውደቅ፣ ጣት ከሚበላ ማሽን። «ሴኪዩሪቲ» ሆን ብሎ ጉዳት ከሚያደርስ ሰው መጠበቅ ነው፤ ከሌባ፣ ከዘራፊ፣ የይለፍ ቃል ከሚሰርቅ። በማመልከቻችሁ «ሥራ» የሚለውንም ተጠንቀቁበት። «ጆብ» ይቆጠራል፣ «ወርክ» አይቆጠርም፤ «ኤ ወርክ እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ከመጀመሪያው መስመር ነጥብ ይጥላል። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ኢኩዊፕመንት»ም ብዙ ቁጥር የላቸውም።

አያያዙን ልንገራችሁ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለአንድ የአማርኛ ቃል አንድ ገጽ ስጡ፤ ቃሉን ከላይ ጻፉ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ አቻዎቹን። ትርጉም ብቻ አትጻፉ፣ እሱ ወደ አማርኛው መልሶ ይጥላችኋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ አብሮት የሚሄደውን መስተዋድድ፣ ስም ከሆነ ደግሞ መቆጠር አለመቆጠሩን ጻፉ። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በስሙ አጠገብ «ሲ» ወይም «ዩ» የሚል ፊደል ያስቀምጣል፤ «ሲ» ይቆጠራል፣ «ዩ» አይቆጠርም። ከዚያ ፈትኑት፦ በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ቃል አውጥታችሁ ሌላውን አስገቡበት። ትርጉሙ ከተለወጠ፣ ምን እንደተለወጠ በአማርኛ በአንድ መስመር ጻፉ። ካልተለወጠ ገና አልለያችኋቸውም፤ ሌላ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። በሳምንት ከሦስት ገጽ አትለፉ። የገጹን ግርጌ ባዶ ተዉት፤ «ቤት»፣ «ዋጋ» እና «ጥላ»ን ስትጀምሩ ቦታው ያጥራችኋል።