ያ ጉባኤ ዛሬም ሪችመንድ ላይ ይቀመጣል

ልጆቼ፣

26 ዓመት በቨርጂንያ ፍርድ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ አይጨምርም። የዳኛውን ቃል ለወገን፣ የወገንን ቃል ለዳኛው ያደርሳል፣ በቃ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያኔ ልላችሁ ያልቻልኩትን ዛሬ ልጻፍላችሁ።

በሥራዬ ከሁሉ የቀለለኝ ቃል «ዋስ» ነበር። ዋስ ጠርቶ ወይም ዋስ ሆኖ የማያውቅ ሐበሻ የለም ማለት ይቻላል። ጠበቃው ዋስትናው ከልክ በላይ መሆን እንደሌለበት ሲከራከር ሳስተረጉም ግን ሰዎች «ዳኛውን ማን ይከለክለዋል?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ውስጤ ቀረ። መልሱን ፍለጋ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

የሚከለክለው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 8ኛ ማሻሻያ ነው። የጸደቀው በ1791 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከልክ ያለፈ ዋስትናን፣ ከልክ ያለፈ መቀጮን፣ ጭካኔ ያለበትንና ያልተለመደ ቅጣትን ይከለክላል። ይኸው ዓረፍተ ነገር ግን የእንግሊዝ ፓርላማ በ1689 ባወጣው የመብቶች ሕግ ላይም አለ፣ ቃል በቃል ለማለት ይቻላል። የሚለየው ግሡ ነው። እንግሊዞቹ «ሊጠየቅ አይገባም» ብለው ጻፉ። አሜሪካኖቹ «አይጠየቅም» አሉ። ዕድሜውን በቃላት መሐል ለፈጀ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ«አይገባም» ወደ «አይጠየቅም» ለመድረስ መቶ ዓመት ፈጀ።

ሥሩ ከዚያም ይርቃል። በ1215 ባላባቶች የእንግሊዙን ንጉሥ ጆንን ራኒሚድ ሜዳ ላይ አስጨንቀው ማግና ካርታ የተባለውን የመብት ሰነድ ተቀበሉት። ለራሳቸው ጥቅም ነበር፣ ለገበሬው አዝነው አይደለም። ቢሆንም ነፃ ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም የሚለው ቃል ከእጃቸው አመለጠና ሌላው ሁሉ ያዘው። በ1606 ለቨርጂንያ የተሰጠው የንጉሥ ቻርተርም (የፈቃድ ሰነድ ማለት ነው) ሰፋሪዎቹና ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር እንደተወለዱ ተቆጥረው መብታቸው እንዲጠበቅ ቃል ገባ። «ልጆቻቸው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

የሰፋሪዎቹን የመጀመሪያ መንደር፣ ጄምስታውንን፣ ሄዳችሁ እዩት። ጁላይ 30 ቀን 1619 ከ11 ሰፈሮች የተመረጡ 22 ሰዎች እዚያ፣ በአንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠሩ። እንግሊዞች በአሜሪካ ምድር ያቋቋሙት የመጀመሪያው የተወካዮች ጉባኤ ይህ ነው። ሙቀቱ አይጣል ነበር። አንዱ ተወካይ በስብሰባው መሐል ሞተ። የተነጋገሩበትም ጉዳይ ተራ ነበር፦ የትምባሆ ዋጋ፣ ቁማር፣ ስካር። እኔን ቀልቤን የሳቡት የተመለሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ካፒቴን ጆን ማርቲን የሚባል ባለርስት ከቅኝ ግዛቱ ሕግ ነፃ የሚያደርገው ወረቀት ነበረው። ጉባኤው ይህን ሲያይ ሁለቱን የማርቲን ተወካዮች አላስቀምጥም አለ። ሕጉ የማይነካው ሰው እንዴት በሌላው ላይ ሕግ ያወጣል?

በ1624 ይኸው ጉባኤ ገዢው ያለ ጉባኤው ፈቃድ ግብር እንዳይጥል ደነገገ። በዚያው ዓመት ቅኝ ግዛቱን ያቋቋመው ኩባንያ ቻርተሩን ተነጠቀ። ጉባኤውም ለዓመታት የንጉሥ ዕውቅና ሳያገኝ ቀረ። ሰዎቹ ግን መሰብሰባቸውን አልተዉም። በ1760ዎቹ ያለ ውክልና ግብር የለም ብለው የጮሁት የልጅ ልጆቻቸው አዲስ ነገር አልፈጠሩም። ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበትን ነው የተናገሩት።

ቀጣዩን በደንብ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ጉባኤው ከተበተነ ሳምንታት ሳይቆይ፣ በኦገስት 1619 መጨረሻ፣ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን በመርከብ የቨርጂንያ ባሕር ዳርቻ፣ ፖይንት ኮምፈርት፣ ደረሱ። ተማርከው የመጡ ነበሩ። ጉባኤውን የጠራው ገዢ፣ ጆርጅ ያርድሊ፣ እነሱን እንደ ዕቃ ከገዟቸው ሰዎች አንዱ ነው።

ኤሊዛቤት ኪ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ በባርነት የተያዘች አፍሪካዊት ናት። አባቷ ቶማስ ኪ እንግሊዛዊ፣ ያውም የዚያው ጉባኤ አባል ነበር። ኤሊዛቤት በልጅነቷ ለተወሰነ ዓመት እንድታገለግል ተሰጠች። ዓመቱ አለፈ፣ የሚለቃት ግን ጠፋ። የመጨረሻው ጌታዋ ሲሞት ከንብረቱ ጋር ተቆጠረች። ከሰሰች። በእንግሊዝ ሕግ ልጅ አባቱን ይከተላል፣ አባቴ ነፃ ሰው ነበር፣ እኔም ክርስትና ተነሥቻለሁ አለች። ጉዳይዋ ከችሎት ችሎት ሲንከራተት ጉባኤው ዘንድ ደረሰ። የጉባኤው ኮሚቴ ነፃ ናት አለ። በ1656 ከነልጇ ነፃ ወጣች።

ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1662፣ ያው ጉባኤ ልጅ ከእንግዲህ እናቱን ይከተላል ብሎ ሕግ አወጣ። በ1667 ደግሞ ጥምቀት ባሪያን ነፃ አያወጣም አለ። ኤሊዛቤት የገባችባቸው ሁለት በሮች ተዘጉ። የባሪያ ልጅ ባሪያ ሆኖ መወለዱ እስከ 1865 ቀጠለ። እነዚያ ሕጎች ሲወጡ እሷን የመሰለ አንድም ሰው ወንበር አልነበረውም።

ዕድሜ ልኬን መብት የሚገኘው ችሎት ላይ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ስለምውል ይሆናል። ችሎት የሚያድነው ግን ከፊቱ የቆመውን ሰው ነው። ጉባኤ ያልተወለደውንም ይነካል።

የእኛም ሰው ሲከሰስ ጠበቃ ለመያዝ ገንዘብ ያዋጣል። ይህ ያኮራኛል። ሕግ ሲወጣ፣ በጀት ሲመደብ ግን የለንም። እኔም ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለዓመታት አንድም ስብሰባ አልረገጥኩም። አዛውንቶቻችን ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት የአውቶቡስ መስመር ሲቋረጥ የሰማነው ከውሳኔው በኋላ ነው። ስብሰባው ክፍት ነበር። ማንም አልከለከለንም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ እንግሊዝኛው አፋችሁ ላይ ነው። የጄምስታውኑ ጉባኤ ዛሬም በቨርጂንያ ዋና ከተማ፣ ሪችመንድ ላይ ይቀመጣል፣ ወኪላችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። ካውንቲው ደግሞ ቅርባችሁ ነው። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። ቀድማችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። የምትናገሩት ለጥቂት ደቂቃ ነውና ጽፋችሁ ሂዱ። እናቶችንና አባቶችንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ችግራቸውን በራሳቸው አፍ ይናገሩ። አስተርጓሚ ካስፈለጋቸው እኔ አለሁ፣ ማታም ቢሆን እመጣለሁ።