መልስ፦ ኒኮዲመስ ለምን ሰው አልባ ልትሆን ደረሰች?

አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት ያለችው ትንሿ ከተማ ኒኮዲመስ ለምን ባዶ ልትቀር ደረሰች፣ ድርቅ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ድርቁም አለበት፣ ዋናው ምክንያት ግን ባቡሩ ነው።

የተቆረቆረችው በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹ ከኬንታኪ፣ መሬት አለላችሁ ተብለው ሜዳው ላይ ደረሱ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። መሬቱን ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፤ ከሩቅ ለሚያይ ጭሱ ከአፈር ውስጥ ነበር የሚወጣው። አንዳንዱ ወዲያው ተመለሰ። የቀሩትን በዚያ ብርድ የኦሴጅ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) አዳኞች ምግብ አካፈሏቸው፣ ይሄ ታሪክ ሁሌ ልቤን ይነካኛል።

በዐሥር ዓመት ውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ባንክና የራሷ ጋዜጣ ያላት ከተማ ሆነች። በ1887 ነዋሪው የሚዙሪ ፓሲፊክ ባቡር እንዲመጣላቸው የ16,000 ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) በድምፁ አጸደቀ። ባቡሩ አልመጣም። በዓመቱ ሌላው የባቡር ኩባንያ ዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲዱን ከሰለሞን ወንዝ ማዶ ዘረጋና ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ ሐዲዱ አጠገብ ወደበቀለችው፣ ቦግ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ያኔ ስንዴህን ገበያ የሚያደርስልህ ባቡር ነው፣ ጣቢያ ከሌለህ ምን ይዘህ ትነግዳለህ?

የ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ የቀረውን አራገፈው። በ2020 ቆጠራ 14 ሰው ብቻ ተገኘ። ቦታው ግን ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የተጠበቀ ታሪካዊ ሥፍራ ነው። መሄድ ካሰብክ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሂድ፣ የመሥራቾቹ ዘሮች ከያሉበት የሚሰባሰቡት ያኔ ነው።