ማጅራትሽን ተይውና ትከሻሽን ፈትሺ

እህቴ፣ «ኮምፒውተር ላይ ስውል ግራ ማጅራቴን ይይዘኝና ወደ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ጠዋት አንገቴን ማዞር ያቅተኛል፤ ቅባት ብቀባም አልተሻለኝም፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ሕመም የምትናገሪ መሰለኝ። «ዕረፍት አድርጊ» የሚለውን ምክር ሌሎች ስለሰጡሽ እኔ አልደግመውም።

1. የሚያምሽን ቦታ ማሸት አቁሚ። ሕመሙ የሚሰማበትና የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ትራፒዚየስ የሚባለው ሰፊ ጡንቻ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ እስከ ትከሻና እስከ ጀርባ አጋማሽ ይዘረጋል፤ ትከሻ ላይ ሲቋጠር ሕመሙን ወደ አንገት ጎን፣ አልፎ ተርፎም ወደ ራስ ይልከዋል። አንገት አላዞር የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ሥር ያለው ጡንቻ ነው። ይህኛው ከላይኞቹ አራት የአንገት አጥንቶች ወርዶ በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት የላይኛው ውስጠኛ ማዕዘን ላይ ይያያዛል። ቀኝ እጅሽን በግራ ትከሻሽ ላይ አሻግረሽ ያንን ማዕዘን በጣትሽ ጫፍ ዳብሺው። እንደ ገመድ ቋጠሮ የጠጠረ፣ ሲጫኑት የለመድሽውን ሕመም የሚቀሰቅስ ነጥብ ካገኘሽ ጠላትሽ እሱ ነው።

2. የቴኒስ ኳስ ካልሲ ውስጥ ክተቺና የካልሲውን ጫፍ በትከሻሽ አሳልፈሽ ያዢው፤ አይወድቅብሽም። ነጥቡን በኳሱ ላይ አድርገሽ ግድግዳ ተደገፊና ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ቆዪ። ትንፋሽሽን እስክትይዢ ከጨቆንሽው አብዝተሻል፤ ጡንቻው መልሶ ይኮማተራል። አከርካሪሽ ላይ አትጫኚ። በአንገት ፊትና ጎን ወደ አንጎል የሚሄዱ ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ እዚያ ኳስ አይደርስም። ከዚያ በኋላ የማያቃጥል ሙቅ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጣል አድርጊበት፤ አንገትሽንም በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ አዙሪ።

3. የአንገት ማሰሪያ አትግዢ። እዚህ ላይ ሆዴ ስለተቃጠለ ትንሽ ታገሺኝ። የሄድኩበት ክሊኒክ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል ራጅ አዘዘልኝ። ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «አጥንትህ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ዕቃ እንዳታነሳ» አለኝ። እጁ አንገቴን አልነካም፤ ሥራዬ ምን እንደሆነም አልጠየቀኝም። አፌን ስከፍት «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ማሰሪያውን ገዝቼ ሥራ ቦታ ሳይቀር እንደ ሐውልት ተገትሬ ዋልኩ፤ አንገቴ ይባስ ደረቀ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት ነገሩን የገለጠችልኝ፦ እንዲህ ያለው የአጥንት ለውጥ ዕድሜው የገፋ፣ ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ራጅ ላይም በብዛት ይታያል፤ የተቋጠረ ጡንቻ ደግሞ በራጅ አይታይም። ለራጁም ለማሰሪያውም ለቅባቱም ከፍዬ መፍትሔው ከልጄ መጫወቻ ሳጥን መገኘቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ያስቀኛልም።

እርሷ ግን ኳሱንም ብቻውን አላመነችበትም። «ስልክ ስታነሳ አሳየኝ» አለችኝ። ለካ ስልኩን በጆሮዬና በግራ ትከሻዬ መካከል ሰክቼ እየጻፍኩ ነበር የምውለው! አንቺም ሥራ ላይ ሳለሽ አንድ ሰው ከጎንሽ ፎቶ ያንሳሽ። የጭንቅላት ክብደት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አገጭሽ ወደ ፊት በወጣ መጠን ጫናው በማጅራት ጡንቻዎች ላይ ይበረታል። የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይንሽ ትይዩ አድርጊው፤ ማውሱንም ክርንሽ ከጎንሽ ሳይርቅ እንድትደርሺበት አቅርቢው። በሆድሽ የምትተኚ ከሆነ ተዪው፤ አንገትሽ ሌሊቱን ሙሉ ተጠምዝዞ ያድራል።

ክንድሽ ከደነዘዘ ወይም እጅሽ ከደከመ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት፣ ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ወይም ደረትሽን ከጨመደደሽ ግን ኳሱን ተይውና ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ አንገትሽን በእጁ የሚመረምር ይሁን እንጂ።

ከእኔ በፊት መልስ ሰጥተው «ሰው አንገትሽን ጠምዝዞ ቋ ያድርግልሽ» ያሉሽን ደግሞ አትስሚ። በድንገትና በኃይል የተጠመዘዘ አንገት የደም ሥር ሊሰነጠቅበት ይችላል፤ መካሪዎቹም ያን ጊዜ አጠገብሽ አይገኙም።