ኮዴይን ለሐበሻ አይሆንም የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ በኦፕሬሽን ወልዳ አራስ ናት፣ ቁስሉ ሌሊት አላስተኛ ብሏታል። ከአሜሪካ ልትጠይቀን የመጣችው እህቴ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ይዛ ነበርና አንድ ፍሬ ልንሰጣት ስንል ፋርማሲ የሚሰራ ጎረቤታችን "ተዉ፣ ለሐበሻ ዘር አይሆንም፣ ደማችን አይቀበለውም" አለን። እህቴ ደግሞ እዛ ለጥቁሩም ለነጩም ይታዘዛል ባይ ናት። ማንን እንስማ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! ጎረቤታችሁን ስሙት፣ ክኒኑን አትስጧት፣ ምክንያቱ ግን ደም አይደለም፣ ጉበት ነው። ኮዴይን ብቻውን ብዙም አያስታግስም፣ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱዲሲክስ የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሰራው፣ እና አንዳንዱ ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ) ትርፍ ኮፒ ስላለው የታዘዘለትን ያህል ብቻ ውጦም ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ሰውነቱ ውስጥ ይገኛል፣ ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። ጡት ስታጠባ ደሞ ወደ ሕፃኑ ያልፋል። እህትህ እዛ ይታዘዛል ካለች፣ የዛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. የምታጠባ እናት እንዳትወስደው ማስጠንቀቁን ንገራት።

በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ትርፍ ኮፒ ነበራቸው፣ ስዊድኖች ጋ 1 ወይ 2 ከመቶ ቢሆን ነው። አገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይንን ያገደችውም ለዚሁ ነው።

"የሐበሻ ዘር" የሚለው ግን ያናድደኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ከ10 ሰው 7ቱ ጋ እኮ የለም! ሳዑዲዎች ጋ ደሞ 20 ከመቶ ገደማ ተገኝቷል፣ ምዕራብ አፍሪካ ስትሄድ ከኛ በጣም ያንሳል፣ ታዲያ ፎርም ላይ "ጥቁር" ብሎ የሚሞላ ሐኪም እህትህንና አንድ ጋናዊ አንድ ላይ ከቷቸው ስለ ጉበታቸው ምን አወቀ? እዛው አሜሪካ የኩላሊት ምርመራ ቀመር ጥቁር ለተባለ ሰው ውጤቱን 16 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርግለት ነበር፣ ኩላሊቱ የደከመው ደህና መስሎ ንቅለ ተከላ ወረፋ ሳይገባ ይቆይ ነበር፣ ይሄ እንዲቀር የተወሰነው ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ለአራሷ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም እያጠባች የሚወሰዱ ናቸው፣ ጨጓራ ወይ ኩላሊት ካላት ግን አይቡፕሮፌኑን ሐኪሟን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ። ቁስሉ ቀልቶ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካለው ወይ ካተኮሳት ማስታገሻ መፈለጉን ትታችሁ ዛሬውኑ ወደወለደችበት ውሰዷት።