ጥያቄና መልስ፦ የዩኤክስ እና የዌብ ዲዛይን ቃላት

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ በዩኤክስ እና በዌብ ዲዛይን ዙሪያ ግራ ስለሚያጋቡ ቃላት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። እኔ ብዙ የሠራሁት ፎርም ላይ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚነበብም ጉዳዬ ነው። ሎጎ፣ ፖስተር እና ደሞዝ ሌላ ሰው ጠይቁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ የሠራችሁትን ገጽ በራሳችሁ ላፕቶፕ ብቻ አይታችሁ "አለቀ" አትበሉ። ርካሽ ስልክ ላይ ክፈቱት፣ ገጹን ለማያውቅ ሰው ስጡት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ።

ጀማሪ ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ዩአይ እና ዩኤክስ ሁሌ ይምታቱብኛል። ባጭሩ ቢያስረዱኝ?

መላሽ፦ ዩአይ (ዩዘር ኢንተርፌስ) የምታየው እና የምትነካው ነው፤ ቁልፉ፣ ቀለሙ፣ ፊደሉ። ዩኤክስ ሰውየው ጉዳዩን ከጀመረበት እስኪጨርስ የሚገጥመው ሁሉ ነው። በስልክህ ገንዘብ ስትልክ አስብ። "ይላኩ" የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ መሆኑ ዩአይ ነው። ከነካኸው በኋላ ስክሪኑ ጸጥ ይላል፣ የማረጋገጫ መልእክቱም ይዘገያል። "ሄደ ወይስ አልሄደም? ድጋሚ ልላክ?" እያልክ ትጨነቃለህ። ይሄ ዩኤክስ ነው። ቁልፉ እንከን ባይኖረውም ሁለቴ ከላክህ ዲዛይኑ ወድቋል። ዩኤክስ (ዩዘር ኤክስፒሪየንስ) የሚለውን አባባል ያስለመደው የዲዛይን ተመራማሪው ዶን ኖርማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፕል ውስጥ ሲሠራ። የፈለገውም ከስክሪኑ አልፎ ሁሉንም የሚያቅፍ ቃል ነበር።

ሰልጣኝ፦ ዋየርፍሬም፣ ሞክአፕ፣ ፕሮቶታይፕስ?

መላሽ፦ ዋየርፍሬም ምን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ ወረቀት ላይ በእርሳስም ይሠራል። ሞክአፕ ቀለሙንና ፎንቱን ይዞ የመጨረሻውን መልክ ያሳያል። ፕሮቶታይፕ ሲነኩት ወደሚቀጥለው ገጽ ስለሚሄድ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ፊግማ የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ከፍታችሁ በቀለም አትጀምሩ።

ባንክ ቤት የምሠራ፦ አፎርዳንስ የሚለውን ቃል እኛ ቢሮ ሁሉም በየራሱ ነው የሚረዳው። ትክክሉ የቱ ነው?

መላሽ፦ እኔን ብትጠይቂኝ ለሥራሽ የሚጠቅመው ሌላኛው ቃል ነው፣ ሲግኒፋየር። አፎርዳንስ ከጄምስ ጊብሰን የመጣ ነው፣ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። አንድ ነገር ምን ለማድረግ ያስችላል የሚለውን ለመግለጽ ነው የተጠቀመበት። ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 መጽሐፉ ወደ ዲዛይን አመጣው። ሰው ሁሉ ግን "ምልክት" ለማለት ይጠቀምበት ጀመር፤ ስለዚህ ኖርማን ቆይቶ ለምልክቱ ሲግኒፋየር የሚል የራሱ ስም ሰጠው። የስልክ ስክሪን የትም ቦታ ቢሆን ይነካል። የት ቢነካ ውጤት እንዳለው የሚናገረው ሲግኒፋየሩ ነው። ሰማያዊ ሆኖ የተሰመረበት ጽሑፍ ሊንክ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ለውበት ብላችሁ መስመሩን ስታጠፉት፣ ቀለሙንም ከሌላው ስታመሳስሉት፣ ሰው ከየት ያግኘው?

አፕ ሠሪ፦ ሃምበርገር ሜኑ ጥሩ ነው መጥፎ?

መላሽ፦ ሲነኩ ዝርዝር የሚከፍቱት ሦስቱ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው ዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር ነው የመጡት፤ የሠራቸው ኖርም ኮክስ ነው። ከጎናቸው "ዝርዝር" ብለህ ጻፍበት። ለብቻቸው አትተዋቸው።

ፎንት ያስቸገረኝ፦ አማርኛ ዌብሳይት ላይ ሳስገባ ገጹ ያስጠላል። እንግሊዝኛው ግን ያምራል። ፎንቱ ነው ችግሩ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ችግሩ ለላቲን የተሠራውን ልክ እንዳለ ለእኛ ፊደል መስጠታችሁ ነው። ቡ፣ ቢ እና ቤን ተመልከቱ። የሚለያዩት በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ምልክት ነው። ቡ ላይ ከወገቡ ትወጣለች፣ ቢ ላይ ከእግሩ፣ ቤ ላይ እዚያው እግሩ ጋ ቀለበት ትሆናለች። በ12 ፒክስል፣ ርካሽ ስክሪን ላይ፣ ያቺ ቀለበት ትደፈናለች። ያኔ ቢ እና ቤ አንድ ይሆናሉ። አንባቢው እየገመተ ያነባል፣ ቶሎም ይደክመዋል።

ስለዚህ እንግሊዝኛው 14 ከሆነ አማርኛውን 16 ወይም 17 አድርጉት። የመስመሩን ክፍተት ከፊደሉ መጠን 1.6 እጥፍ አታሳንሱ፤ ፊደሎቻችን ከላይ እስከ ታች ሙሉ ስለሆኑ መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ። ኢታሊክ ተዉ። የግዕዝ ፊደል ያ ልማድ የለውም፤ ብሮውዘሩ ነው በግድ የሚያጋድመው። ጎላ ማድረግ ከፈለጋችሁ ቦልድ ተጠቀሙ፣ ግን ፎንቱ የራሱ ቦልድ እንዳለው አረጋግጡ። ከሌለው ብሮውዘሩ መደበኛውን ያወፍረዋል፣ ቀለበቷም ጭራሽ ትጠፋለች። ትልቅና ትንሽ ፊደልም የለንም። ርዕስን በትልልቅ ፊደል የሚለይ ዲዛይን አማርኛ ሲገባበት ርዕሱ አይለይም። በመጠን እና በክፍተት ለዩት።

ፎንት ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነጻ ናቸው፤ አቢሲኒካም አለ። ከገጹ ጋር አብራችሁ ጫኑት፤ ሰውየው ስልክ ላይ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል። ዛሬም በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን የሚደረድር ገጽ ማየት ያሳዝናል። ሌላው ደግሞ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ኮዱ ላይ ግለጹ። ይህን ካልነገራችሁት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ሊሞክር ይችላል።

ኮደሩ፦ እኔ አማርኛውን ፎቶ አድርጌ ነው የማስገባው። የትም ስልክ ላይ አይበላሽም።

ዲዛይነሯ፦ ኧረ በፈጠረህ! ማን ኮፒ ያደርገዋል? ጉግልስ እንዴት ያገኘዋል?

ኮደሩ፦ ክላየንቱ ደስ ካለው ምን አገባኝ። ደግሞ ሰው የአማርኛ ሜኑ አይፈልግም። "ሴቲንግ" ነው የለመደው።

ዲዛይነሯ፦ አንተ የምታውቀው ሰው ነው የለመደው። እናቴ የባንክ አፕ ላይ እንግሊዝኛ ሲወጣባት ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ከነፒኑ።

አስታራቂ፦ ሁለቱንም ቋንቋ ማድረግ ነዋ።

ኮደሩ፦ በጀቱን አንተ ከከፈልክ።

መላሽ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ይብቃን። ጽሑፍን ፎቶ አታድርጉ። ማየት የተሳነው ሰው አይሰማውም፣ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል፣ ዳታም ይበላል። ቋንቋውን በሚመለከት እህታችን ያለችውን ልብ በሉ። ፒኗን ለሌላ ሰው እንድትሰጥ ያስገደዳት ዲዛይኑ ነው፤ ይሄ የደኅንነት ጉዳይም ነው። ሰው "ሴቲንግ" ማለት ከለመደ "ሴቲንግ" ብላችሁ በፊደላችን ጻፉለት። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ፈልስፋችሁ አታስጨንቁት።

ከጅማ፦ ቁልፍ ላይ "ግባ" ነው "ይግቡ"?

መላሽ፦ "ግባ" ካልክ ሴቷን ረስተሃል። "ይግቡ" ወይም "መግቢያ" በል፤ የመረጥከውን እስከ መጨረሻው ይዘህ ሂድ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዩአይ እና የዩኤክስ ልዩነት ምንድነው?

መላሽ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብቡና ጠይቁ።

ከመቀሌ፦ የምዝገባ ፎርም ሠርተን ሰው መሀል ላይ እያቋረጠ ይወጣል። ለምን ይሆን?

መላሽ፦ ፍሪክሽን የሚባል ቃል አለ፤ ተጠቃሚውን የሚያስቆመው፣ የሚያዘገየው ነገር ሁሉ ማለት ነው። እኛ አገር ፍሪክሽን ከስም ይጀምራል። "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ከውጭ ቴምፕሌት ይገለበጣሉ። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም እና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። እናትና ልጅ በሁለተኛው ሳጥን አይመሳሰሉም። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፤ በኋላ ከመታወቂያው ጋር ሲመሳከር አልገጠመም ይባላል። እንደ መታወቂያው ከፈለጋችሁ ሦስቱንም በስማቸው ጠይቁ። ሰውየውን ለመጥራት ብቻ ከሆነ አንድ ሳጥን ይበቃል። ኢሜይል ስትልኩም "ውድ" ብላችሁ አባቱን አትጥሩ።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥር። ከ09 ሌላ የማይቀበል ፎርም ዛሬም ይገጥመኛል። 07 ቁጥር ያለው ሰው "የተሳሳተ ቁጥር" ይባላል። ቁጥሩ የራሱ ነው፣ ምን ያስተካክል? አንዱ በ+251 ይጽፋል፣ አንዱ በ0 ይጀምራል፣ አንዱ መሀል መሀል ላይ ክፍተት ይተዋል። ሁሉንም ተቀበሉና ኮዱ አንድ ዓይነት ያድርገው። ስህተት ካለ እዚያው ሳጥን ሥር፣ ምን መደረግ እንዳለበት ጻፉ። የሞላውን ሁሉ አጥፍቶ "ስህተት ተፈጥሯል" የሚል ፎርም ሰው እያባረረ ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ኪቦርዱ የስክሪኑን ግማሽ ሸፍኖት እያለ ሞክሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የማኅበራችንን ዌብሳይት እየሠራሁ ነው። ወላጆች ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይፈልጋሉ፣ ልጆች በፈረንጅ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ጎን ለጎን ሁለቱንም ጻፊ፣ እህቴ። የብሮውዘሩ የራሱ የቀን መምረጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። በእኛ ለመቀበል ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለሽ ሦስት ሳጥን አድርጊ። ጳጉሜን እንዳትረሺ፤ ወሩ 12 ላይ ከቆመ ጳጉሜ የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት የለውም። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የሚባል መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ራስሽ ማስያ አትጻፊ።

ከቀኑ በላይ የሚያስቸግርሽ ሰዓቱ ነው። "ስብሰባ ቅዳሜ 3 ሰዓት" ካልሽ እናት ጠዋት ይመጣሉ፣ ልጅ ከሰዓት። "ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ 9 ሰዓት" ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ገጹን በአንድ እናት ስልክ ላይ ክፈቺና ሲያነቡ እዪ።

ነጋዴ፦ ጋሼ፣ ዌብሳይቴ ሰው አይገባበትም። ምን ይሻላል?

መላሽ፦ ምን ትሸጣለህ? ለማን? ሰው አያገኘውም ወይስ አግኝቶት ይወጣል? እንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስ አልችልም።

ተማሪ፦ ለዩዛቢሊቲ ቴስት አምስት ሰው ይበቃል ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ ዩዛቢሊቲ ቴስት ገጹ ለአጠቃቀም ይመች እንደሆነ በሰው መሞከር ነው። የአምስቱ ነገር የዩዛቢሊቲ ባለሙያው የጄኮብ ኒልሰን ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ጽሑፍ ነው ስሙ የወጣው። በአምስት ሰው ሞክረህ ታስተካክላለህ፣ እንደገና በሌላ አምስት ትሞክራለህ። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን አምስት ብቻ ይዞ ቀረ።

ተመራማሪዋ፦ ይቅርታ፣ እኔ አምስት አይበቃም ባይ ነኝ። መርካቶ ያለ ነጋዴ እና ገጠር ያለ ገበሬ አንድ ዓይነት ተጠቃሚ አይደሉም።

መላሽ፦ ልክ ነሽ፤ ኒልሰንም ተጠቃሚዎቹ የሚለያዩ ከሆነ ከየወገኑ ሰው ያስፈልጋል ብሏል።

ኮደሩ፦ ጓደኞቼ ላይ ብሞክርስ?

መላሽ፦ ጓደኞችህ እንዴት እንደምታስብ ያውቃሉ። የሰፈርህን ባለሱቅ ጠይቅ፣ አሥር ደቂቃ አይከለክልህም። "ለወንድምዎ 200 ብር ይላኩ" በለው እና ዝም በል። "እዚያ ጋ ይንኩ" ካልክ ሙከራው አበቃ። ስልኩም ያንተ አይሁን፣ የእሱ ይሁን።

ዲዛይነሯ፦ ስለ ኮንትራስትስ? ክላየንቴ ግራጫ ጽሑፍ ይወዳል።

መላሽ፦ ኮንትራስት በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። የዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይላል፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1። ክላየንትሽን ስልኩን አስይዘሽ እኩለ ቀን ላይ ደጅ አውጪው። ቁልፍም ቢሆን አይነስ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው መመሪያ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይላል፣ አፕል ደግሞ በራሱ መለኪያ 44 በ44 ፖይንት ይመክራል።

ፍሪላንሰር፦ ሪስፖንሲቭ እና ሞባይል ፈርስት አንድ ናቸው?

መላሽ፦ አይደሉም። ሪስፖንሲቭ ያው ገጽ በስክሪኑ ስፋት ልክ ሲደራጅ ነው፤ የዌብ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ሰጠው። ሞባይል ፈርስት ከትንሹ ስክሪን ጀምረህ ወደ ትልቁ መሥራት ነው።

ፍሪላንሰር፦ አንድ ደንበኛ ወርኃዊ ጥቅል በአንድ ንክኪ እንዲያስገባ፣ ማቋረጫው ግን ከአራት ገጽ በኋላ እንዲሆን አዞኛል። ልሥራለት?

መላሽ፦ አትሥራ። ዳርክ ፓተርን ይባላል፤ የዩኤክስ ባለሙያው ሃሪ ብሪግነል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣለት ስም ነው። ሰውን በዲዛይን አታልሎ ያልፈለገውን እንዲያደርግ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሳይፈልግ እንዲከፍል፣ ማድረግ ነው። የአየር ሰዓት በ10 በ10 ብር የሚሞላ ሰው ላይ ይህን ማድረግ ነውር ነው። ለደንበኛህ ማቋረጫው ከመግቢያው ጎን ያለበትን ዲዛይን አቅርብለት፣ ካልተቀበለህ ሥራውን ተወው።

ሰልጣኝ፦ ዩኤክስ ደሞዙ እንዴት ነው?

መላሽ፦ መግቢያው ላይ ተናግሬያለሁ።

መጽሐፍ ሻጭ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ድረ ገጻችን ላይ ሰው "ጸሐይ" ብሎ ሲፈልግ "ፀሐይ" ብለን የመዘገብነው አይወጣለትም።

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ገጽ ይህ ችግር አለበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ ይቁጠራቸው። ሰው ሲፈልግ የጻፈውንም፣ እናንተ የመዘገባችሁትንም፣ ከበስተጀርባ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ቀይራችሁ አወዳድሩ። ካልተገኘም "ምንም አልተገኘም" ብላችሁ ባዶ ገጽ ላይ አትተዉት፤ ተቀራራቢ ርዕሶችን አሳዩት። ይህ ሁሉ ግን ለፍለጋው ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የመጽሐፍ ርዕስ እና የሰው ስም አትንኩ፤ ኃይሉ ብሎ የተመዘገበ ደራሲ ኃይሉ ተብሎ ይታይ።