የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሞተሩ በፊት ቡሎኑ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ አራት ጥያቄዎችን እንመልሳለን። ሁሉም የቴሌስኮፕን ማውንት (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን መያዣ) ስለማደስና ስለማሻሻል ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢኪው 5 የሚባል፣ ከሰማዩ ጋር የሚዞር ማውንት ላይ ባለ 6 ኢንች የመስታወት ቴሌስኮፕ ጭኛለሁ። ቤታችን ጣሪያ ላይ የሰሜንን ኮከብ መሃል አስገብቼ ካጠበቅሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማውንቱ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። የከፍታ ማስተካከያው ቡሎንም ጎብጧል። ይህን ሽጬ ሞተር ያለው ልግዛ ወይስ ይታደሳል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይታደሳል፤ ሞተሩ ይቆይ። ሞተር ያለውን ቢገዙም ያው ቡሎን እዚያም ይጠብቅዎታል።

ድሬዳዋ በ9.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ (ሰማዩ የሚዞርባት ነጥብ) የሚያመለክተው የማውንቱ ዋና ዘንግ ከአድማስ ብዙም ቀና ሳይል ሊተኛ ግድ ነው። በ45 ወይም በ50 ዲግሪ አገር ዘንጉ ቀና ስለሚል የጭነቱ ብዙ ክፍል በቀጥታ በእግሮቹ ላይ ያርፋል። እዚህ ግን ቴሌስኮፑም ሚዛን መጠበቂያው ክብደትም ከምሰሶው ወደ ሰሜን ወጣ ብለው ይንጠለጠላሉ። ወደታች እንዳይወድቁ የሚያግዳቸው በደቡብ በኩል ያለው አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው ቡሎን ለስላሳ ብረት ስለሆነ ቢጎብጥ አይገርምም።

መጀመሪያ ቴሌስኮፑንና ክብደቱን ያውርዱ። ቡሎኑን ፈተው ሲያወጡት ጫፉንም፣ የሚነካውን የማውንቱን ምላስም ይመልከቱ። ምላሱ ላይ ጉድጓድ ካለ በጥሩ ሞረድ አስተካክሉት፤ አለዚያ አዲሱም ቡሎን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ይንሸራተታል። ከዚያ አሮጌውን ቡሎን ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ጥርሱን በዓይን ገምተው እንዳይነግሯቸው፤ ውፍረቱ በካሊፐር፣ የጥርሱ ርቀት ደግሞ በመለኪያው ይለካ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ቡሎን ካገኙ ይበቃል፤ የማይዝግ ብረትም ይሆናል። ጫፉን እንደ ጉልላት አክብበው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልሱት ያድርጉ። ጠፍጣፋ ጫፍ በጠርዙ ብቻ ስለሚነካ ምላሱን ይፍቃል።

ግን ቡሎን መቀየሩ ብቻውን አያድንም፤ አብዛኛው ቡሎን የሚጎብጠው በአያያዝ ነው። የፊቱንና የኋላውን (የደቡቡን) የከፍታ ቡሎን እየተፋተጉ እስኪጮሁ ማጥበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ የፊቱን (የሰሜኑን) ቡሎን ሁለት ሦስት ዙር ያላሉ። በአንድ እጅ የክብደቱን ዘንግ ከሥር ደግፈው ትንሽ ያንሱ፤ በሌላው የኋላውን ቡሎን አዙረው ወደሚፈልጉት ከፍታ ያምጡ። ሁልጊዜ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ወደ ላይ ይሁን። ካለፈዎት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው እንደገና ወደ ላይ ይምጡ። የፊቱን በጣት ብቻ እስኪነካ ያስጠጉት። በመጨረሻም ጭንቅላቱ የሚዞርበትን አግድም ቡሎን በቁልፍ ያጥብቁ። ይሄ የሚረሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ "ዝቅ አለብኝ" የሚባለው ከዚህ ይመጣል።

የሰሜን ኮከብ ራሷ ከዋልታው 0.6 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትዞር እናንተ ዘንድ ከፍታዋ እንደ ሰዓቱ ከ9 እስከ 10.2 ዲግሪ ይለዋወጣል። ደግነቱ ድሬዳዋ ተራራዋ በደቡብ ነው፤ ሰሜኑ ወደ ቆላው ተከፍቷል። የሚያስቸግረው አቧራው ነው። ኮከቧ ካልታየች የኦሪዮንን ቀበቶ ይጠቀሙ። ከሦስቱ የመጀመሪያዋ፣ ሚንታካ፣ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ በሰማይ ከሚያልፈው መስመር) ላይ ናት ማለት ይቻላል። አናት አካባቢ ስትደርስ በከፍተኛ ማጉያ መሃል ያስገቧትና 10 ደቂቃ ይከታተሏት። ወደ ደቡብ ከሸሸች ዋናው ዘንግ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸች ወደ ምዕራብ። ከፍታውን ለማረም ደግሞ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ይያዙ፤ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው። የማውንቴ የኬክሮስ መለኪያ 10 ላይ ሲደርስ ከዚያ በታች አልወርድ አለ። በዚያ ላይ የክብደቱ ዘንግ ሲዞር የሰሜኑን እግር ይመታል። ማራዘሚያ ምሰሶ ልዘዝ? (ከሸዋ በር)

መልስ፦ ማራዘሚያው ሁለተኛውን ችግር ይፈታል፤ ግን 20 ሴንቲሜትር ምሰሶ ሲጨመር መንቀጥቀጡም አብሮ ይጨምራል። በርካሽ የሚሆን አለ።

እግሮቹን በ60 ዲግሪ ያዙሯቸው፤ አንዱ እግር ደቡብ፣ ሁለቱ ሰሜን ይሆናሉ። አሁን የክብደቱ ዘንግ በሁለቱ እግሮች መሃል ያልፋል። ለዚህ እንቅፋት የሚሆነው የግራ ቀኝ ማስተካከያ ቡሎኖቹ የሚገፏት አጭር ዘንግ ናት፤ እሷ የምትቆመው ከአንዱ እግር አናት ላይ ነው። የትራይፖዱን ራስ ገልብጠው ይዩ፦ አንዳንዱ ሁለተኛ ቀዳዳ አለው። ከሌለው ቶርኖ ቤት ከሁለት እግሮች እኩል መሃል ላይ፣ ከማዕከሉ የድሮው ቀዳዳ ባለው ርቀት ልክ በስተው ጥርስ ያወጡለታል። ርቀቱ በ1 ሚሊሜትር እንኳ ቢሳት ቡሎኖቹ ዘንጓን በሰያፍ ስለሚይዟት ይህን ለባለሙያው አስረግጠው ይንገሩ።

መለኪያው 10 ላይ መቆሙ ቀላል ነው። ሐረር 9.3 ላይ ስለሆነች የሚጎድልዎት 0.7 ዲግሪ ነው። የዚህ ዓይነት ማውንት እግሩ ልክ ውኃ ልክ መሆን የለበትም፤ የሚፈለገው የዋናው ዘንግ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሁለት እግሮች መካከል 90 ሴንቲሜትር ካለ የደቡቡን እግር በ1 ሴንቲሜትር ማንሳት ማውንቱን በ0.7 ዲግሪ ወደ ሰሜን ያዘነብለዋል። አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ከሥሩ ማድረግ ነው። የፊቱ ቡሎን እጀታ ረጅም ከሆነም የክብደቱ ዘንግ እሱንም ይመታዋል፤ በቁልፍ በሚፈታ ተራ ቡሎን ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ኢኪው 5 ላይ ኔማ 17 (በእርምጃ የሚዞሩ) ሞተሮችን ጂቲ 2 በሚባል ባለ ጥርስ ቺንጋ ላያይዝ ነው፤ መቆጣጠሪያው ኦንስቴፕ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ፑሊዎቹ (ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ጎማዎች) 16 እና 48 ጥርስ አላቸው፤ በዘንጎቹ መካከል 55 ሚሊሜትር አለ። የስንት ቺንጋ ልግዛ? ሶፍትዌሩ ላይስ ምን ልሙላ? (ከከዚራ)

መልስ፦ የጂቲ 2 ጥርስ ርቀት 2 ሚሊሜትር ስለሆነ የትንሹ ፑሊ ዙሪያ 32፣ የትልቁ 96 ሚሊሜትር ነው። የርቀቱን እጥፍ (110)፣ የሁለቱን ዙሪያ አማካይ (64) እና ፑሊዎቹ እኩል ስላልሆኑ የሚጨመረውን ወደ 2 ሚሊሜትር ሲደምሩ 176 ይመጣል። ባለ 176 ሚሊሜትር፣ 88 ጥርስ፣ ዝግ ቺንጋ ይግዙ። የሞተሩ መያዣ ሳህን ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ቢያንስ 6 ሚሊሜትር የሚያንሸራትት ረጅም ቀዳዳ ይኑር፤ ቺንጋው የሚወጠረው በዚያ ነው።

ለሶፍትዌሩ፦ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰሌዳ) 16 ማይክሮስቴፕ፣ ማለትም እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 የሚከፍል፣ ፑሊው 3 ለ 1፣ የኢኪው 5 ትልቁ ጥርስ 144። ሲባዛ 1,382,400 ነው፤ ለ360 ሲካፈል በዲግሪ 3840 እርምጃ። ለዎርሙ (ትልቁን ጥርስ ለሚነዳው ጥምዝ ዘንግ) አንድ ዙር 9600 ይሙሉ። ከእነዚህ አንዱን ብትስቱ ማውንቱ ይዞራል፣ ግን ከሰማዩ ጋር አይሄድም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኮከቧ ከመሃል በሰፊው ከራቀች መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማይክሮስቴፑ ቁጥር ነው።

ሲገጥሙ ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደግፈው ይዩ። እያንዳንዱ ፑሊ ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች አንዱ የሞተሩ ዘንግ ከተሞረደበት ጠፍጣፋ ጎን ላይ ይረፍ፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ይንሸራተታል። ቺንጋውን መሃሉን በጣት ሲጫኑት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይስጥ። እንደ ክራር ክር ከወጠሩት የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ካላሉት ጥርስ ይዘላል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንንገርዎ። ቺንጋ የሚያስወግደው በሞተሩና በዎርሙ መካከል ያሉትን ማርሾች ልቅነት ነው። የዎርሙን የራሱን ስሕተት አይነካም። በ144 ጥርስ አንድ የዎርም ዙር 598 ሴኮንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ሊሞላ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው ነው። ኮከቧ በየ10 ደቂቃው ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘች ጥፋቱ ዎርሙ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከተደጋገመ ማርሾቹ ናቸው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ማታ ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ማውንቴ ቀን ላላ ብሎ ይዞራል፤ ማታ ይከብዳል። የመኪና ግራሶ ልቀባው? (ከመጋላ)

መልስ፦ የፋብሪካው ግራሶ በሙቀት ዘይቱን ለቆ፣ የቀረው አቧራ ይዞ እንደ ሙጫ ሆኗል። በላዩ አይጨምሩ። ፈተው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ያጠቡት፣ ያድርቁት፤ ቤንዚን ፕላስቲክ ሮንደላዎችን ሊጎዳ ይችላል። የኩሽኔታ ሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2 ጥሩ ነው፤ በጥርሱ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ፣ እንደ ዳቦ ላይ ቅቤ አይደለም። መልሰው ሲገጥሙ ዎርሙን የሚያስጠጉትን ቪቴዎች በአንድ ጊዜ ከ1/8 ዙር በላይ አያዙሩ፤ ትልቁን ጥርስም ሙሉ ዙር አዙረው ይፈትሹ፣ ፍጹም ክብ ስለማይሆን አንድ ቦታ ላይ ልክ የሆነው ሌላ ቦታ ይነክሳል። ይህን ሥራ እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ማታ፣ በሚያዩበት ሰዓት ሙቀት ያድርጉት።