አሮጌ አይፖድ መጠገን ያዋጣል ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት እወዳለሁ፤ ከሥራ መልስ ቤቴ ሆኜ አሮጌ አይፖድ ብጠግን ያዋጣኛል ወይ? ከየት ልጀምር?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ከቤቴ ሆኜ የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

ያዋጣል። ግን ያገኘኸውን ሁሉ ስትቀበል አይደለም። አንድ ሁለት ሞዴል መርጠህ እነሱን ጠንቅቀህ ስታውቅ ነው። አፕል ከዚህ የሙዚቃ ማጫወቻ ዓይነቶች ባለ ሃርድ ዲስኩን አይፖድ ክላሲክ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የመጨረሻው አይፖድ ተች ደግሞ በ2022 ቀረ። ስለዚህ ዋናው የመለዋወጫ ምንጭህ ሌላ የሞተ አይፖድ ነው። አንዱ ቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ተቃጥሎ ስክሪኑ ደህና ይሆናል። ሌላው ስክሪኑ ተሰብሮ ቦርዱ ይሠራል። አንድ ዓይነት ሞዴል ብቻ ከያዝክ መሳቢያህ ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ይገጥማል። አሥር ዓይነት ከያዝክ ግን ምንም የለህም። ናኖና ሹፍል የሚባሉት ትናንሾቹ አይፖዶች በበኩሌ ይቅሩብህ እላለሁ። ውስጣቸው ጠባብ ነው፣ የአብዛኞቹ ባትሪ በብየዳ የተያያዘ ነው፣ የሚከፈልህም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም።

ለጀማሪ የሚሻለው አምስተኛው ትውልድ የሚባለው ነው፤ በ2005 የወጣው፣ ቪዲዮ የሚያጫውተው። ፊቱ ፕላስቲክ ስለሆነ በቀጭን የፕላስቲክ መክፈቻ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ታስለቅቀዋለህ። ከ2007 ጀምሮ የመጣው ክላሲክ ግን ፊቱም ጀርባውም ብረት ነው። ጠርዙ አንዴ ከተጣመመ እንደ ድሮው አይሆንም። ደንበኛው ደግሞ የሚያየው ጠርዙን ነው፤ ውስጡን የቱንም ያህል አሳምረህ ብትሠራው ደስ አይለውም።

ሲከፈት ሁለቱን ክፍል ቶሎ ብለህ እንዳትለያያቸው። ከጀርባው ወደ ቦርዱ የሚሄዱ ሪባን የሚባሉ ሁለት ስስ ጠፍጣፋ ሽቦዎች አሉ። አንዱ የባትሪው ነው፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫውና ሆልድ የሚባለው የቁልፎቹ መቆለፊያ። የባትሪውን ሪባን የያዘች ትንሽ ቡናማ መቆለፊያ አለች። እሷ በጥቂቱ ወደ ላይ ትነሳለች እንጂ አትጎተትም። ከቦርዱ ከተነቀለች የአሥር ደቂቃው ሥራ የማይክሮስኮፕና የብየዳ ሥራ ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኛ ሰው ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ሳታየው ዋጋ አትጥራ። መጀመሪያ መርምር። ሜኑንና የመሃሉን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነህ ቆይ፤ የአፕሉ ምልክት ሲመጣ ወዲያው የመሃሉንና የኋሊት መመለሻውን ተጫን። የምርመራ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የሃርድ ዲስኩ ጤና በቁጥር ይታያል። የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥሩት ሪአሎክስና ፔንዲንግ ሴክተርስ የሚሉት ቁጥሮች ከበዙ ዲስኩ እየሞተ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ደጋግመህ አታስነሳው። ለዚህ ምርመራ ትንሽ ክፍያ ቅድሚያ ተቀበል፤ ሰውየው ካሠራ ከጠቅላላው ቀንስለት። የማይጠገን ከሆነ ቢያንስ ጊዜህ በከንቱ አልሄደም።

ከሁሉም በላይ እንድትጠነቀቅ የምለምንህ ግን ለውስጡ ዘፈን ነው። ብዙ ጠጋኝ ችግር ሲያይ ሪስቶር ያደርገዋል። ሪስቶር ሁሉንም ያጠፋል! አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን አሮጌ አይፖድ አመጡልኝ። ውስጡ ከካሴት የተገለበጡ መዝሙሮች ነበሩ፤ ካሴቶቹ አገር ቤት ቀርተው የት እንደገቡ አይታወቅም። እሳቸው ዕቃው ቢሠራም ባይሠራም ግድ አልነበራቸውም፣ መዝሙሮቹን ነው የፈለጉት። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ይመጣልሃል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትህ በፊት አይፖዱን በዲስክ ሞድ (ኮምፒውተሩ እንደ ውጫዊ ዲስክ እንዲያየው በሚያደርገው) አስነሳና ኮምፒውተር ላይ ሰካው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በለው። አይፖድ ኮንትሮል የሚባል ፎልደር ውስጥ ሚዩዚክ የሚል ታገኛለህ። ፋይሎቹ ስማቸው ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ነው፤ አትደንግጥ። የዘፈኑ ርዕስና የዘፋኙ ስም ውስጣቸው ስላለ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲያነባቸው ይመለሳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በማክ (በአፕል ኮምፒውተር) የተዘጋጀ አይፖድ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ «ፎርማት ላድርገው?» ይልሃል። እሺ እንዳትል፤ ዘፈኑ ይጠፋል።

ዲስኩ ከሞተ በኤስዲ ሚሞሪ ካርድ መተካት ትችላለህ። አስማሚው በቀላሉ ይገዛል። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቢወድቅም አይፈራም፣ በተረፈው ቦታ ትልቅ ባትሪ ይገባል። ደንበኛው «256 ጊጋባይት አድርግልኝ» ሲልህ ግን ሞዴሉን እይ። የ2007ቱ ክላሲክ ከ128 ጊጋባይት በላይ አያይም። የአምስተኛው ትውልድ ባለ 30 ጊጋባይቱ ደግሞ የሥራ ሚሞሪውም (ራሙ) የባለ 60ው ግማሽ ስለሆነ እጅግ ብዙ ዘፈን ሲጫንበት ይንገዳገዳል። ይህን ቀድመህ ንገረው። ካርድ ስትገዛም የካርዱን እውነተኛ መጠን በሚያጣራው ኤፍ3 በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሳትፈትሽ አትግጠም፤ አስመስለው የሠሩት ሞልቷል።

ባትሪም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትመን። ከአንድ ሻጭ ጥቂት ገዝተህ ዘፈን እያጫወትክ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለካ። ያበጠ ባትሪ ካገኘህ በስለት አትነካካው፤ ባትሪ ወደሚሰበስቡበት ቦታ ውሰደው። ያበጠበትን ሰው በፖስታ እንዲልክልህ አትፍቀድ፤ የተበላሸ ሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ መጫን ክልክል ነው። በአካል ያምጣው።

ለመጀመር ጥቂት የሞቱ አምስተኛ ትውልዶች በርካሽ ግዛ። የሰው ዕቃ ከመንካትህ በፊት እነሱን እየከፈትክ እየገጠምክ እጅህን አለማምድ። ስትከፍት ፎቶ እያነሳህ እዚሁ ለጥፍ፣ የተቸገርክበትን አብረን እናያለን። ባትሪ የምገዛበትን ሰው በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።